«አሜባ ነው» ከማለት በፊት የተዋጠው መድኃኒት ይጠየቅ

ገበሬው ሆዱን ሲቆርጠውና ሲያስቀምጠው በየመንደሩ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «አሜባ ነው» ይባላል። ጎረቤት እንዲሁ ይፈርዳል፣ ባለ ሱቅም ይፈርዳል፣ አንዳንድ ጊዜም ነጭ ካፖርት የለበሰው ባለሙያ ሳይቀር በሥራ ብዛት ተቻኩሎ ይህንኑ ይፈርዳል። ከዚያ በኋላ መድኃኒት ይገዛል፤ ካልተሻለው ሌላ መድኃኒት ይጨመርበታል። በሽተኛው ተቅማጡ ከመጀመሩ በፊት ባለፉት ሳምንታት ምን መድኃኒት ወስዶ እንደነበር የሚጠይቀው ግን እምብዛም አይገኝም።

ይህ ጥያቄ መጠየቅ ያለበት ያለ ምክንያት አይደለም። ከተበከለ ውሃና ምግብ የሚመጣው ተቅማጥ በአገራችን ብዙ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ከመድኃኒቱ ከራሱ የሚመጣ፣ ትልቁን አንጀት ማለትም ደንዳኔን የሚያቆስል ተቅማጥም አለ። ይህኛው ካልታወቀ በሽተኛው የሚሰጠው ርዳታ ሕመሙን ሊያባብስበት ይችላል። የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ጉዳዩን ለሐኪም ብቻ የሚተው አድርገው እንዳይመለከቱት የምጽፈውም ስለዚህ ነው። በሕግ ስሙ ቀበሌ ቢባልም ገበሬው ዛሬም «ገበሬ ማኅበር» እያለ የሚጠራው ጽሕፈት ቤት፣ ማን እንደታመመና ማን ከየት መድኃኒት እንደገዛ ከማንም ቀድሞ ይሰማልና።

ነገሩን በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ እንመልከተው። በቦሌ አራብሳ፣ በቦሌ ቡልቡላ፣ በጎሮ፣ በአያትና በኮተቤ ዙሪያ ያለው መሬት በአብዛኛው ኮንዶሚኒየምና መንገድ ሆኗል። ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ በ2013 ዓ.ም. የተቋቋመው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማም የዚሁ መስፋፋት ውጤት ነው። ሆኖም ከብት የሚያረባ፣ ወተት የሚያቀርብና በቀረችው ማሳ ጤፍና ስንዴ የሚዘራ ቤተሰብ ዛሬም በዳር በዳሩ አለ። ከለገጣፎና ከሰንዳፋ በኩል የሚመጣውም ገበሬ ለገበያ በወጣበት ቀን ሕመሙን ይዞ ወደ መገናኛና ወደ ገርጂ ይዘልቃል። በዚህ አካባቢ የመድኃኒት መደብር ችግር የለም፤ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ተደርድሮ ይገኛል። ለገበሬው የቸገረው መድኃኒቱን ማግኘት ሳይሆን ያገኘው መድኃኒት ምን እንደሚያደርገው የሚነግረው ሰው ማጣት ነው።

አንድ ገበሬ በአጨዳ ሰሞን ወገቡን አመመው፣ ሳልም ያዘው እንበል። ጤና ጣቢያ ሄዶ ወረፋ ከመጠበቅ ይልቅ በመንገዱ ላይ ካለው መደብር ገብቶ ለሳሉ አሞክሳሲሊን፣ ለወገቡ ዳይክሎፌናክ ይገዛል። ካፕሱሉን ሦስትና አራት ቀን ይወስድና ሲሻለው የቀረውን ለሚስቱ ወይም ለልጁ ያስቀምጠዋል። በሳምንቱ ግን ሆዱን ይቆርጠዋል፤ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ሜዳ መውጣት ይጀምራል። አሁን ለዚህ ሰው «አሜባ ነው» ብሎ ሌላ ክኒን መሸጥ ቀላል ነው። ጥቂት የሚከብደው «ባለፈው ሳምንት የዋጥኸው ምን ነበር?» ብሎ መጠየቁ ነው። ትክክለኛው ሥራ ግን ይኸኛው ነው።

መድኃኒት አንጀትን እንዴት ሊጎዳ እንደሚችል ገበሬ ከማንም በላይ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ጤናማ ሰው በትልቁ አንጀቱ ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እነዚህ በደንብ የበቀለ አዝመራ እንደሞላው ማሳ ናቸው፤ ቦታውን ስለያዙት መጥፎው አረም አይነሳም። አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሴፍትራያክሰን፣ በተለይም ክሊንዳማይሲን የመሳሰሉት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ግን የሳንባውን በሽታ ሲመቱ የአንጀቱንም አዝመራ አብረው ያጭዱታል። ማሳው ባዶ ሲሆን እንደ ሙጃ የሚነሳው ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የተባለው ባክቴሪያ ነው። እንዲያውም ከሙጃ ይብሳል። ክፉ ጊዜ ሲመጣበት ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ እንደ ዘር ይተኛል፤ ይህን ዘሩን መድኃኒቱ አይነካውም፤ በዕቃና በወለል ላይም ለወራት ሊቆይ ይችላል። አንጀት ውስጥ አመቺ ቦታ ባገኘ ጊዜ ይበቅልና መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም የትልቁን አንጀት የውስጥ ግድግዳ ያቆስላል። ሲብስ በቁስሉ ላይ ቢጫ ልባስ ይጋገርበታል።

ይህ ትናንት የተነገረ ወሬ አይደለም። ባክቴሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 ከአራስ ሕፃናት ዓይነ ምድር ነበር፤ በዚያን ጊዜ ግን ይህን ያህል ጥፋት ያደርሳል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። በ1974 በአሜሪካ አገር ሐኪሞች ክሊንዳማይሲን የወሰዱ 200 ሕሙማንን ተከታትለው ከመቶው 21 ያህሉ ተቅማጥ እንደያዛቸውና ከመቶው 10 ያህሉ ደግሞ ያ ቢጫ ልባስ አንጀታቸው ላይ እንደታየ አስታወቁ። መንስዔው ይኸው ባክቴሪያ መሆኑ የተረጋገጠው በ1978 ነው። ልብ በሉ፤ እነዚያ ሐኪሞች ነገሩን ሊደርሱበት የቻሉት ተቅማጡን ብቻ ስላዩ አይደለም። ከተቅማጡ በፊት የተሰጠውን መድኃኒት መዝግበው ስለያዙ ነው። እኛ ዘንድ የጎደለው ይህ ነው።

ባለ ጋሪና ባለ ፈረስ የሆነ ደግሞ ምሳሌውን ከበረቱ ያገኘዋል። ሊንኮማይሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ ለፈረስ የተከለከለ ነው። ፈረሱ ቢወስደው ትልቁ አንጀቱ ተቆጥቶ በተቅማጥ ሊሞት ይችላል። ለአንካሳ ፈረስ የሚሰጠው ፊኒልቡታዞን የተባለ የሕመም ማስታገሻም ሲበዛ የፈረሱን ትልቅ አንጀት በቀኝ በኩል ያቆስለዋል። ለአደገ በሬ ፀረ ባክቴሪያ በአፍ መስጠት ሆዱ ውስጥ ሣሩን የሚፈጩለትን ደቂቅ ነፍሳት እንደሚጨርስበት የእንስሳት ሐኪም ሁልጊዜ ይናገራል። ለከብቱ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ለራሱ አንጀት ሲሆን ለምን ቸል እንደሚል አይገባኝም።

ወደ ሕመም ማስታገሻው እንመለስ። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪንና ኢንዶሜታሲን ጨጓራን እንደሚያቃጥሉ ብዙ ሰው ያውቃል። ትልቁንም አንጀት ሊያቆስሉ፣ ሊያደሙ፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱም ጠባሳ እየሠሩ መተላለፊያውን ሊያጠብቡ እንደሚችሉ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ወገቡን ሲያመው በየሳምንቱ «መርፌ ውጋኝ» የሚል አዛውንት ቀስ በቀስ ደሙ እያነሰ፣ እየነጣ፣ ዳገት መውጣት እየተሳነው ሲሄድ «እርጅና ነው» ይባላል። ምናልባት ደሙ በዓይን በማይታይ መጠን በአንጀቱ እየፈሰሰ ይሆናል። እርጅና ከማለት በፊት ስንት መርፌ እንደተወጋ ቢጠየቅ ምን ይጎዳል?

ካፕሱሉና ማስታገሻው አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 የኦስትሪያ ሐኪሞች እንዳሳዩት፣ ከፔኒሲሊን ወገን የሆኑትን እነ አሞክሳሲሊንን በወሰዱ ሰዎች ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት የሚመጣ፣ ኃይለኛ ቁርጠት ያለው የደም ተቅማጥ አለ። መንስዔው ክሌብሲየላ ኦክሲቶካ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ሲሆን፣ የሕመም ማስታገሻ አብሮ መወሰዱ ነገሩን እንደሚያግዘው ተገምቷል። አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲቋረጥ በቀናት ውስጥ ይሻላል። እንግዲህ ከላይ ያየነው ሳልና ወገብ ያመመው ገበሬያችን የገዛው እነዚህኑ ሁለቱን አልነበረም ወይ? የደም ተቅማጡን ያየ ሰው ሁሉ ግን በሽታውን የሚያወግዘው በጉድጓዱ ውሃ ነው።

አሁን «አሜባ» ስለሚባለው ዳኝነት ጥቂት ልበል። በጤና ጣቢያ ዓይነ ምድር በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሽታ አምጪው አሜባና ጉዳት የሌለው ዘመዱ አይለዩም፤ መልካቸው አንድ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የጠራው የባለሙያዎች ስብሰባ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ሁለቱ ተለይተው እንዲጠሩና ጉዳት የሌለው አሜባ ስለታየ ብቻ መድኃኒት እንዳይሰጥ መክሯል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «አሜባ ታይቷል» ተብሎ መጻፉ የተቅማጡን ምክንያት ሁልጊዜ አያረጋግጥም። የመድኃኒቱ ተቅማጥና ጉዳት የሌለው አሜባ በአንድ ሰው ሆድ አብረው ሊገኙ ይችላሉ።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ማታለያ አለ። ለአሜባ የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞል፣ ሕዝቡ ፍላጅል የሚለው፣ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲልንም በተወሰነ ደረጃ ይመታል። ዛሬ ከዚህ መድኃኒት ይልቅ የሚመረጠው በአፍ የሚወሰድ ቫንኮማይሲን ሲሆን፣ እርሱ በማይገኝበትና ሕመሙ ቀላል በሆነበት ግን ሜትሮኒዳዞል ይሠራል። ስለዚህ በካፕሱል ምክንያት የታመመው ሰው ፍላጅል ገዝቶ ዋጠና ተሻለው። «አላልኋችሁም? አሜባ ነበር!» አለ። መንደሩም አመነ። በሚቀጥለው ዓመት ሲስል ያንኑ ካፕሱል ይገዛል፤ ማንም አያቆመውም። ይህ ሕመም ደግሞ ከዳነ በኋላ ከአምስት ሰው በአንዱ ገደማ ተመልሶ ይነሳል፤ ያን ጊዜም ዳኝነቱ ያው ነው።

ታዲያ ሐኪም ያልሆነ የማኅበር መሪ ምን ምልክት ይይዛል? ቀኑን ይያዝ። ፀረ ባክቴሪያ በመውሰድ ላይ ሳለ ወይም ከጨረሰ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ እስከ ሁለትና ሦስት ወር ድረስ፣ በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ የያዘው ሰው መድኃኒቱ ይጠርጠር። ቁርጠትና ትኩሳት ከተጨመረበት ጥርጣሬው ይጠንክር። ዕድሜው ከ65 ያለፈ፣ በቅርቡ ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ፣ ወይም ሁለትና ሦስት ዓይነት ካፕሱል ያፈራረቀ ሰው ለአደጋው ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ብዙዎች እንደ መልካም ዜና የሚቀበሉት ነው፤ ተቅማጡ በድንገት ቆሞ ሆዱ እንደ ከበሮ ከተነፋ፣ ከተወጠረና ሰውየው ከደከመ «ተሻለው» ማለት አይደለም። አንጀቱ ሥራውን አቁሟል ማለት ሊሆን ይችላልና ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ደም ያየ፣ ራሱን የሳተ፣ ሽንቱ የቀነሰ ሰውም እንዲሁ ነው።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ያህል፣ ካፕሱል የዋጠ ሰው ሆዱ ቢላላ ሁሉም ይህ ክፉ በሽታ አለበት ማለት አይደለም። አብዛኛው ቀላል ሆኖ መድኃኒቱ ሲያልቅ አብሮ የሚያልፍ ነው። የሚለየው ባለሙያ ነው። የባክቴሪያውን መርዝ የሚለየው ምርመራ ደግሞ በጤና ጣቢያዎቻችን የተለመደ ስላልሆነ፣ ባለሙያውም ቢሆን ያለ በሽተኛው ትክክለኛ ታሪክ ብዙ ሊያደርግ አይችልም። ታሪኩን ይዞ መሄድ ያለበት እንግዲህ ገበሬው ነው።

እስከዚያው ድረስ የሚደረገው ግልጽ ነው። የሚያጣውን ውሃ ለመተካት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውሃ በጥብጦ መስጠት አይጎዳም። ሎፐራማይድን የመሰለ ተቅማጥ አቋራጭ ክኒን ግን በራስ ፈቃድ አይወሰድ፤ መርዙን አንጀት ውስጥ አፍኖ ሊያስቀረው ይችላል። በሽተኛውን የሚረዳ ሰው እጁን በሳሙናና በውሃ ይታጠብ። ከኮሮና ዘመን ወዲህ በየቤቱ የተለመደው አልኮል የዚህን ባክቴሪያ ዘር አይገድለውም። የሳንባ ነቀርሳ፣ የኤች አይ ቪ ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ይህን ጽሑፍ ሰምቶ መድኃኒቱን በገዛ እጁ እንዳያቋርጥ አደራ እላለሁ። እርሱ ማድረግ ያለበት ወደ ሰጠው ባለሙያ ፈጥኖ ሄዶ መናገር ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ገበሬውን ስለ መድኃኒት ጉዳት ብትነግሩት ጭራሽ ከሕክምና ይሸሻል» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ፀረ ባክቴሪያ በሳንባ ምች የተያዘውን ሕፃንና በወሊድ ትኩሳት የተያዘችውን እናት ከሞት እንደሚያድን ገበሬው በዓይኑ አይቷል፤ አይክደውም። የሚሸሸው የተደበቀበትን ነገር በራሱ ላይ ሲያገኘው ነው። አባቶቻችን ኮሶ በጠጡ ቀን ከቤት አይወጡም፣ እንግዳም አያስገቡም ነበር። መድኃኒት አንጀትን እንደሚያሸብር አውቀው ቀን ይለዩለት ነበር እንጂ ኮሶን አልተውትም። የዛሬው ካፕሱል ድምፅ ሳያሰማ ስለሚገባ አክብሮቱ ቀረ፤ እንደ ከረሜላ ተቆጠረ።

የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ የተወሰነ መድኃኒት ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ፈቃድ የሌለው ባለ ሱቅ ከጨውና ከስኳር ጎን ካፕሱል መሸጡ ከቶውንም አይፈቀድም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁላችንም ገዝተናል። ባለ መደብሩን ብቻ መውቀስም አልፈልግም። ገበሬው ራሱ «ሁለት ካፕሱል ስጠኝ» ብሎ ገንዘቡን ሲዘረጋ ከሚመልሰው የሚሰጠው ይበዛል። ነገር ግን የማኅበር መሪዎች በገዛ ቀበሌያቸው በገበያ ቀን ድንጋይ ላይ ዘርግቶ መድኃኒት የሚሸጠውን ሰው ማስቆም ይችላሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ በብዙ ወረዳዎች ስላለ፣ አባል የሆነው ገበሬ በከፈለው መዋጮ ጤና ጣቢያ መታከም እየቻለ ለምን መንገድ ላይ እንደሚገዛም መጠየቅ ይችላሉ። መልሱ ብዙውን ጊዜ «ጤና ጣቢያው መድኃኒት የለውም፣ ወረፋውም ቀን ያስውላል» የሚል ይሆናል። ይህ ደግሞ እውነት ከሆነ ወደ ወረዳው መቅረብ ያለበት የማኅበሩ አቤቱታ ነው፤ ገበሬው በየመደብሩ በመንከራተት የሚፈታው አይደለም።

በመድኃኒት የደረሰ ጉዳት የሚመዘገብበት መንገድም አለ። የጤና ባለሙያው ሞልቶ ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚልከው ቢጫ ቅጽ አለ፤ ማንም ሰው በነፃ የሚደውልበት 8482 የስልክ መስመርም አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከማኅበሩ መሪ ጋር ተቀምጣ በወሩ ውስጥ ከመድኃኒት በኋላ የታመሙትን ብትቆጥር ግማሽ ሰዓት አይፈጅባትም። ካልተመዘገበ ግን የትኛው መድኃኒት በየትኛው ወረዳ ስንት ሰው እንደጎዳ አዲስ አበባ ያለው መሥሪያ ቤት ከየት ያውቀዋል?

ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ትንሽ ነገር ይለመድ። ክኒኑ የሚታሸግበት ወረቀት ላይ የመድኃኒቱ ስም የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጫፍ ነው። ባለ መደብሩ በመቀስ ቆርጦ ሲሰጥ ስሙ ያለበት ቁራጭ እርሱ ዘንድ ይቀርና ገበሬው ስም የለሽ ክኒን ይዞ ይሄዳል። ከትልቅ ቆርቆሮ ተቆጥሮ የሚሰጠው ካፕሱልማ ጭራሽ ስም የለውም። በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዶ ምን እንደወሰደ ሲጠየቅ «ቀይና ጥቁር ነው» ይላል፤ ቀይና ጥቁር የሆነው ካፕሱል ግን ብዙ ነው። ስለዚህ መድኃኒት የሚገዛ አባል ሁሉ የመድኃኒቱ ስምና የተገዛበት ቀን በትንሿ የወረቀት ከረጢት ላይ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ እንዲጻፍለት ይጠይቅ፤ ባለ መደብሩ እምቢ ካለው ሌላ መደብር ይሂድ፤ በቦሌ መንገድ መደብር አይጠፋም። ከረጢቷንም ክኒኑ ካለቀ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር በሳጥን ያስቀምጣት። ማንበብ የማይችል ከሆነ ተማሪ ልጁ ያነብለታል።